ሰኞ ሰማያዊ ነው

ጥሩ ሌብል ከሩቅ ይታወቃል። ጠርዙ በመቀስ ተቆርጧል እንጂ በእጅ አልተቦጨቀም። የተለጠፈው ክዳኑ ላይ ሳይሆን የዕቃው ሆድ ላይ ነው፤ ክዳን ከዕቃ ዕቃ ይዛወራልና። የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት ፊቱ ወደ ከፋቹ ነው። ጽሑፉ ጠቆር፣ ገዘፍ ያለ ስለሆነ መነጽሩን ረስቶ የመጣ የማታ ተረኛም ያነበዋል። የምግቡ ስም፣ የተሠራበት ቀን፣ የሚጣልበት ቀን፣ የጸሐፊው ስም የመጀመሪያ ፊደላት፤ ይህ ሁሉ ከሁለት ጣት በማይሰፋ ወረቀት ላይ።

በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ብዙ ሐበሾች በነርሲንግ ሆም ይሠራሉ። ስለ ነርሶቹና አዛውንቱን ስለሚያነሡ፣ ስለሚያጥቡት ረዳቶች ደግ ደጉ ይወራል፤ ይገባቸዋልም። «ዳይተሪ» ስለሚባለው ክፍል፣ ማለትም ስለ ወጥ ቤቱ፣ ግን እምብዛም ሲወራ አልሰማሁም። ማብሰሉስ ቢሆን የታወቀ ሙያ ነው፤ አድናቂ አያጣም። እኔ ላመሰግነው የፈለግሁት የማስቀመጡንና የመጻፉን ሥራ ነው። ሙያ ነው ስል አውቄ ነው። እጅ ይጠይቃል፣ ሒሳብ ይጠይቃል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም በማያይበት ሰዓት አለመዋሸትን ይጠይቃል።

አገር ቤት ጓዳ ውስጥ ሌብል የለም። ቅቤው መቼ እንደተነጠረ፣ በርበሬው የየትኛው ዓመት እንደሆነ ባለቤቲቱ ታውቃለች። ያስቀመጠችውም፣ የምታወጣውም፣ ቀምሳ የምታቀርበውም እሷ ስለሆነች ለማን ብላ ትጽፋለች? ነርሲንግ ሆም ውስጥ ግን ጠዋት ያበሰለው ሰው ከቀትር በኋላ ወደ ሁለተኛ ሥራው ሄዷል። ማታ ማቀዝቀዣውን የሚከፍተው ሌላ ነው። የቅዳሜና እሑድ ተረኛ ደግሞ ሁለቱንም በዓይኑ አይቷቸው ላያውቅ ይችላል። ምግቡ የሚቀርብላቸው አዛውንትም ነገሩን ራሳቸው አይፈርዱትም። በዕድሜ ብዛት አፍንጫና ምላስ ይደክማሉ፤ የመርሳት ሕመም የጸናባቸው ደግሞ «ይህ ነገር ልክ አይደለም» ብለው ለመናገር ቃሉ ይጠፋባቸዋል።

ቢናገሩም ባይናገሩም፣ ዋናው ጠላት የሚሸት አይደለም። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ምግቡን ሳያገማና ሳያሻግት፣ ብዙዎቹ ሌሎች በሚደነዝዙበት ቅዝቃዜ ውስጥ እንኳ ቀስ እያለ ይራባል። ማቀዝቀዣ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ጤነኛ ጎልማሳ ምናልባት ሆዱን አሞት ያልፍለታል፤ ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ግን ደሙና አንጎሉ ድረስ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ ቀን መቁጠር የቢሮ ወግ አይደለም። ከዓይንና ከአፍንጫ የተሰወረውን ነገር የምንለካበት ሌላ መሣሪያ ስለሌለን ነው የምንቆጥረው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለክፍለ ግዛቶች አርአያ እንዲሆን የሚያወጣው የምግብ ደንብ ሒሳቡን እንዲህ ያስቀምጠዋል። ዳግም ሳይበስል ለመበላት የደረሰና ሊበላሽ የሚችል ምግብ ከ24 ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ ቀን ይጻፍበት፤ በ41 ዲግሪ ፋራናይት (5 ሴልሺየስ) ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ከ7 ቀን አይለፍ። የተሠራበት ቀን ራሱ ቀን አንድ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚች ላይ ነው። ሰባት ቀን ሲባል ሰባት ይደምራል፤ መደመር ያለበት ግን ስድስት ነው። የሰኞ ሾርባ እሑድ ማታ ያበቃል እንጂ ለሚቀጥለው ሰኞ አይደርስም።

ለእኛ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከጳጉሜ በቀር ሁሉም ወር 30 ቀን በሆነበት አቆጣጠር ያደገ እጅ፣ ኦገስት 28 ላይ ስድስት ደምር ሲባል ሳያስበው ሴፕቴምበር 4 ብሎ ይጽፋል። ኦገስት 31 ቀን አለው፤ ትክክለኛው ሴፕቴምበር 3 ነው። በፌብሩዋሪ ቢሳሳት ምግቡ ቀኑ ሳይደርስ ይጣላል፣ ኪሳራው የገንዘብ ነው፤ በኦገስት ሲሳሳት ግን አንድ ቀን ያለፈበት ምግብ አዛውንቱ ፊት ይቀርባል። የቀኑ አጻጻፍም አለ። 3/4 ብሎ የጻፈ ሐበሻ ኤፕሪል 3 ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ አሜሪካዊው ባልደረባው ማርች 4 ብሎ ያነበዋል። ጥሩ ወጥ ቤት ይህን በክርክር አይፈታውም፣ የወሩን ስም በፊደል ያስጽፋል። ሰዓቱንም እንዲሁ፤ የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት የእነሱ ስምንት ነውና፣ «2» ብቻ ብሎ የተወ ሰው ከስድስት ሰዓት በላይ መቆየት የሌለበትን ነገር ስድስት ሰዓት ሊያጠፋበት ይችላል።

ቀለሙ የመጣው ለዚህ ይመስለኛል። በብዙ የአሜሪካ ወጥ ቤቶች የሚሠራባቸው ትንንሽ ተለጣፊዎች ለየቀኑ ቀለም አላቸው፦ ሰኞ ሰማያዊ፣ ማክሰኞ ቢጫ፣ ረቡዕ ቀይ፣ ሐሙስ ቡናማ፣ ዓርብ አረንጓዴ፣ ቅዳሜ ብርቱካናማ፣ እሑድ ጥቁር። ሕግ ሳይሆን ልማድ ነው። እንግሊዝኛ ያልጠናለት አዲስ ሠራተኛ፣ ፊደል ያልለመደ ዓይን፣ የቸኮለ እጅ፣ ሁሉም ሰማያዊን ያውቃል። ዛሬ ሰኞ ሆኖ መደርደሪያው ላይ ሰማያዊ የተለጠፈበት ዕቃ ገና ጠዋት ከታየ፣ ያ ዕቃ ወይ አሁን የተሠራ ነው ወይ ሳምንቱን አልፎ የተረሳ ነው። ቀለሙ ይህን ሁለቱን መለየት አይችልም፤ ለዚህ ነው ጎኑ ቀን የሚጻፍበት። ቀለም ብቻ ለጥፎ የሚሄድ ሰው ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶታል ባይ ነኝ።

የዚህ ሙያ ልክ የሚታየው ግን ምግብ ከምግብ ሲቀላቀል ነው። አንድ ወጣት ሠራተኛ ማርከሩን ይዞ ከእሱ በዕድሜም በሥራም የምትበልጠውን ሴት ሲጠይቅ ሰምቻለሁ፤ ቀኑ ሐሙስ ነበር።

«እትዬ፣ የዶሮ ሰላጣውን አሁን ነው የሠራሁት። የዛሬን ቀን ልጻፍበት?»

«ዶሮው መቼ ነው የተቀቀለው?»

«ማክሰኞ።»

«እንግዲያው ሰላጣው የማክሰኞ ነው፣ ልጄ።»

ደንቡም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ቅልቅል ምግብ የሚይዘው ከገቡበት ነገሮች ሁሉ ቀድሞ የተዘጋጀውን ቀን ነው። ሴሌሪው ዛሬ ቢከተፍ፣ ማዮኔዙ ዛሬ ቢከፈት፣ ዶሮው ከማክሰኞ ጀምሮ ዕድሜውን ሲቆጥር ነበርና ሰላጣው ሰኞ ያበቃል። የሐሙስን ቀን ቢጽፍበት ኖሮ እስከ ረቡዕ ይቆይ ነበር፤ ማንም የማያውቀው የሁለት ቀን ስጦታ ለባክቴሪያው። ልጁ ቢጫውን ለጥፎ፣ ማክሰኞ ብሎ ጽፎ መደርደሪያው ላይ ሲያስቀምጠው አየሁ። ዛሬ የተሠራ ምግብ ላይ የማክሰኞ ቀን መጻፍ እጅ ያስራል፣ ውሸት የጻፉ ይመስላል። እውነቱ ግን እሱ ነው።

በረዶ ቤትም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ፍሪዘር የገባ ምግብ እንደ አዲስ የሚወለድ ይመስለዋል። ፍሪዘር ሰዓቱን ያቆመዋል እንጂ ወደ ኋላ አይመልሰውም። ሰኞ ተሠርቶ ማክሰኞ ማታ ፍሪዘር የገባ ወጥ ሁለት ቀኑን በልቷል፤ በወሩም ቢሆን በረዶው ሲለቅ የሚቀረው አምስት ነው። ስለዚህ የጥሩ ሠራተኛ ሌብል ላይ ሦስት ቀን ይነበባል፦ የተሠራበት፣ ፍሪዘር የገባበት፣ የወጣበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሒሳቡ አይዘጋም፤ ሒሳቡ ካልተዘጋ ደግሞ ወጡ ይጣላል።

ለአዛውንቱ ክብደት እንዲጨምር የሚሰጠው ቀዝቅዞ የሚመጣ ወተት መሰል መጠጥ ሌላው ፈተና ነው። ቀኑ የታተመው ካርቶኑ ላይ ነው። ትንንሾቹ ፓኬቶች ወጥተው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲደረደሩ ያ ቀን የሚያገለግለው በረዶ ሆነው ለሚቆዩት ብቻ ይሆናል። በረዶው ከለቀቀ በኋላ የሚቆይበትን አምራቹ ለብቻው ይወስናል፤ በተለመዱት ላይ 14 ቀን የሚል ይነበባል። እንግዲህ ሠራተኛው ትሪው ላይ የወጡበትን ቀን ካልጻፈ በዓለም ላይ ያንን ቀን የሚያውቅ የለም። ያየሁት ምርጥ አሠራር እንዲህ ነው፤ የካርቶኑ ጎን፣ የምርት መለያ ቁጥሩ ያለበት ቁራጭ፣ በመቀስ ተቆርጦ ትሪው ፊት ላይ ይለጠፋል፣ ከሥሩ የወጣበት ቀን ይጻፋል።

ቁጥሩ ለምን እንደሚጠቅም ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ታይቷል። የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣኑ ከእነዚህ ዓይነት የቀዘቀዙ መጠጦች ጋር የተያያዘ የሊስቴሪያ ወረርሽኝ መኖሩን ሲያስታውቅ የታመሙት 38፣ የሞቱት 12 ነበሩ፤ የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች እስከ 2018 ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ አብዛኞቹም ከመታመማቸው በፊት ሆስፒታል ወይም የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ቤት ውስጥ የነበሩ ናቸው። የፋብሪካን ብክለት ሌብል አያጥበውም፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ምርቱ ይሰብሰብ የሚል ጥሪ ሲመጣ፣ ካርቶኑን ጥሎ ፓኬቱን ያለ ምልክት የደረደረ ወጥ ቤት ግራ ገብቶት ይቆማል። ቁራጩን የለጠፈው ወጥ ቤት የተጠራውን ትሪ ለይቶ ያነሣል።

መደርደሪያውን በአጭሩ ልለፈው፤ ይህን ጀማሪም ያውቀዋል። ተዘጋጅቶ ያበቃው ከላይ፣ ጥሬ ዓሣና ሙሉ ሥጋ ከዚያ በታች፣ የተፈጨ ሥጋ ከሥሩ፣ ጥሬ ዶሮ ከሁሉም በታች፤ ይንጠባጠባልና። ሁሉም ከወለሉ ቢያንስ 6 ኢንች፣ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ከፍ ይላል። አዲሱ ከኋላ፣ የቆየው ከፊት።

የማቀዝቀዙ ነገር ግን በአጭሩ አያልፍም። ትልቅ ድስት ሾርባ ፈልቶ ወጣ እንበል። መፍላቱ ሁሉንም አይገድልም፤ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘር መሰል ቅንጣቱ ሙቀቱን ተቋቁሞ ይቆይና ድስቱ ቀስ ብሎ ሲበርድ ይነቃል። ደንቡ ሩጫ ያዘዘው ለዚህ ነው። ከ135 ዲግሪ ፋራናይት (57 ሴልሺየስ) ወደ 70 (21 ሴልሺየስ) በሁለት ሰዓት፤ ከዚያ ወደ 41 ለመድረስ ሌላ አራት ሰዓት፤ በድምሩ ከስድስት አይለፍ። በመጀመሪያው ሁለት ሰዓት 70 ካልደረሰ ወዲያው እስከ 165 (74 ሴልሺየስ) እንደገና ይሞቃል፤ አለዚያ ይደፋል። ባለሙያ ድስቱን እንዳለ ማቀዝቀዣ ውስጥ አይከትም። ጥልቀት በሌላቸው የብረት ትሪዎች ይከፋፍለዋል፣ በበረዶ ውኃ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ያማስለዋል፣ እስኪበርድ ጥብቅ አድርጎ አይከድነውም። ከዚያ የትሪውን ጎን በንጹሕ ፎጣ ያደርቃል፤ እርጥብ ብረት ላይ ሌብል አይይዝም፣ ተንሸራትቶ የወደቀ ሌብል ደግሞ ካልተጻፈ አይሻልም።

የሙቀት መዝገቡን ገልጦ የሰውን እጅ ማወቅም ይቻላል። 138፣ 97፣ 68፣ 44፣ 40። ይህ ቴርሞሜትሩን በእጁ የያዘ ሰው ጽሑፍ ነው፤ ቁጥሩ ወጣ ገባ ነው፣ ቀለሙም ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ ከላይ እስከ ታች 40፣ 40፣ 40 የተባለበትን የማቀዝቀዣ ገጽ ሳይ ግን እምነቴ ይሸሻል። እውነተኛ ማቀዝቀዣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይለዋወጣል። ቴርሞሜትሩም ራሱ ይፈተናል፦ በረዶ በሞላበት ውኃ ውስጥ 32 ዲግሪ፣ በእኛ ዜሮ፣ ካላሳየ ይስተካከላል ወይ ይጣላል።

አሁን የነርሲንግ ሆም ወጥ ቤት ከሬስቶራንት ወጥ ቤት የሚለይበት ቦታ ላይ ደረስን። መዋጥ ለሚቸግራቸው ሰዎች ምግቡ ይፈጫል። የተፈጨ ዶሮ፣ የተፈጨ ቱርክና የተፈጨ ነጭ ዓሣ አንድ ናቸው፤ በዓይን የሚለያቸው ሰው አላየሁም። ካሮት፣ ዱባና ስኳር ድንች ሦስቱም ብርቱካናማ ሊጥ ይሆናሉ። ዓሣ አለርጂ የሆነበት ሰው ያንን ጎድጓዳ ሳህን ሲቀበል ከአደጋው የሚጠብቀው ያቺ ወረቀት ናት። «የተፈጨ ሥጋ» ብሎ የጻፈ አልጻፈም፤ «ዓሣ፣ የተፈጨ፣ ደረጃ 4» ያለው ጻፈ። በአሜሪካ ሕግ ዋና የሚባሉት የአለርጂ ምግቦች ዘጠኝ ናቸው፤ ዘጠነኛው፣ ሰሊጥ፣ የተጨመረው ከጃንዋሪ 1፣ 2023 ጀምሮ ነው።

ደረጃ ያልኩት ከ0 እስከ 7 የሚሄደውን ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው። 4 የተፈጨው ነው፤ 5 ደቆ የራሰ፣ ለአዋቂ ጉርሻው ውስጥ ያለው ቁራሽ ከ4 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፤ 6 ለስላሳ ሆኖ ከ1.5 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ። መጠጡም ይለካል። 10 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ሲሪንጅ ይሞላና ለ10 ሰከንድ ይለቀቃል፤ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሊትር ከቀረ ደረጃ 2 ነው። ደረጃዎቹም የየራሳቸው ቀለም አላቸው፤ 4 አረንጓዴ፣ 5 ብርቱካናማ፣ 6 ሰማያዊ። አንባቢ ችግሩን ሳያየው አይቀርም፦ ሰማያዊ ሰኞ ነው ብለን አልነበር? አረንጓዴው ዓርብ ነው ወይስ የተፈጨ ምግብ? ስለዚህ ያስተዋሉ ወጥ ቤቶች ለቀኑ አንድ ቅርጽ፣ ለደረጃው ሌላ ቅርጽ ይይዛሉ፣ ወይም ደረጃውን ሁልጊዜ በቁጥር ይጽፋሉ። ይህችን የቀለም ግጭት ማንም ሳይነግረው አይቶ ያስተካከለ ሰው ለእኔ የሙያው ሊቅ ነው።

ደረቅ ዕቃ ክፍል ውስጥ ጨውና ስኳር፣ ዱቄትና የመጠጥ ማወፈሪያው ዱቄት ከከረጢታቸው ወጥተው አንድ ዓይነት ነጭ ባልዲ ውስጥ ይገባሉ። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ስም ነው። ማወፈሪያውን ዱቄት መስሎት የተወ ሰው ሻዩን ሳያወፍር ይሰጣል፤ ሻዩ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የማጽጃ ኬሚካል ጠርሙስም ስሙ ይጻፍበታል፤ ቦታውም ከምግብ ርቆ እንጂ ከምግብ በላይ አይደለም።

የሌብል ሙያ በመለጠፍ አያበቃም፤ መላጥም አለበት። አሮጌው ላይ አዲስ የሚለጥፍ ሰው ለዕቃው ሁለት ምላስ ያወጣለታል፤ ማክሰኞም ዓርብም ይላል። ሙጫው የቀረበት ዕቃ ደግሞ ታጥቦ እንኳ ቆሻሻ ይይዛል። በውኃ የሚሟሙ ተለጣፊዎች የሚገዛ አለቃ ካለ ሠራተኞቹ ያመስግኑት። ሌላው ዘዴ የቴፑን አንድ ጫፍ አጥፎ መለጠፍ ነው፤ ነገ የሚልጠው ሰው ጥፍሩን እንዳይጎዳ።

የመንግሥት መርማሪዎች ሳያስታውቁ ይመጣሉ፤ በፌዴራል ደንብ በሁለት ምርመራ መካከል ከ15 ወር በላይ ማለፍ የለበትም። ገና እንደገቡ ወጥ ቤቱን ዞር ብለው ያያሉ። ለእነሱ ብቻ ብሎ የሚጽፍ ቤት ግን ያስታውቃል፤ ሌብሉ ሁሉ አንድ እጅ፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ጠዋት የተጻፈ ነው።

አንድ ነገር ለቤተሰብ ልንገር። እናትዎ ወይም አባትዎ ነርሲንግ ሆም ካሉ ምግብ ይዘው መሄድዎ አይቀርም፤ የፌዴራል ደንብም ቤቱ ይህን የሚያስተናግድበት ሥርዓት እንዲኖረው ያስገድዳል። ወጡን ትልቅ ዕቃ ሞልተው ትኩሱን አይውሰዱት፤ በትንንሽ ዕቃ ከፍለው፣ አቀዝቅዘው ይውሰዱ። ዕቃው ሆድ ላይ የእናትዎን ሙሉ ስም፣ የክፍላቸውን ቁጥርና የተሠራበትን ቀን ይጻፉ፤ ያመጡበትን አይደለም። ወሩን በፊደል። ውስጡ ቅቤ፣ ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒ ካለ፣ እንጀራው ስንዴ ወይም ገብስ ከተቀላቀለበት ይጻፉት። ስንት ቀን እንደሚያቆዩት ይጠይቁ፤ ከቤት የመጣ ምግብ ብዙ ቦታ ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም። እናትዎ ለመዋጥ የሚቸገሩ ከሆነ እንጀራውን ከማጉረስዎ በፊት ነርሷን ወይም የመዋጥ ባለሙያውን ይጠይቁ። እና ደግሞ ወጥ ቤቱ በር ላይ ማርከር በኪሷ የሰካች ሴት ካዩ፣ እጅዎ ይባረክ ይበሏት።